ደብርና ገዳም፤ ስለ አቡነ ዮሴፍ ተራራ

በዚህ ወር ገጻችን ከቆላው ተነሥተን ወደ ውርጩ እንወጣለን። ይህን ዓምድ ከሚያነቡት ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ እንደ እኛ እንደ ግራና ሰዎች በማሽላና በጤፍ አገር የሚኖሩ ናቸውና ውርጭ የተባለውን ነገር በስም እንጂ በአካል ላያውቁት ይችላሉ። አባቶቻችን አገሩን በአየሩ ጠባይ ሲከፍሉ ቆላ፥ ወይና ደጋ፥ ደጋ ብለው ከቆጠሩ በኋላ ከሁሉ በላይ ያለውን ክፍል ውርጭ ይሉት ነበር። እርሱም በሬው ቶሎ የሚደክምበት፥ ገብስ እንኳ በጭንቅ የሚደርስበት፥ በበጋ ሌሊት ደጅ ያደረ ውሃ የሚረጋበት ምድር ነው። በዚህ ምድር ላይ ስለሚገኝ ስለ አንድ ተራራ፥ ስለ ላስታው ስለ አቡነ ዮሴፍ፥ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ታነቡላቸው ዘንድ ይህን ጽፌአለሁ።

አስቀድሜ ስለ ሁለት ቃላት ጥቂት ልበል፤ ከአብነት ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ከቃል ሳይጀምር ወደ ነገሩ መግባት ይከብደዋልና አንባቢ ይታገሠኝ። በግእዝ «ደብር» ማለት ተራራ ማለት ነው። ደብረ ሲና፥ ደብረ ታቦር፥ ደብረ ዘይት ስንል የተራሮችን ስም መጥራታችን ነው። «ገዳም» ደግሞ በጥንቱ ቋንቋ ሰው ያላረሰው፥ ያልሰፈረበት ሜዳና ዱር ነው። ዛሬ ግን ደብር የምንለው ካህናት የተሟሉበትን ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፥ ገዳም የምንለውም የመነኮሳትን መኖሪያ ነው። ስሙ ከቦታው ወደ ሕንጻው የተሻገረው አባቶች ተራራውንና ዱሩን ለጸሎት መርጠው ስለ ሰፈሩበት ነው። ስለዚህም በቅርብ ዘመን በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተለመደው «ጥብቅ ሥፍራ» የተባለው አነጋገር ለእኛ ፍጹም እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ሰው እጁን የሚሰበስብበት ምድር መኖሩን ቋንቋችን ከመሥሪያ ቤቶቹ በፊት ያውቅ ነበር።

አቡነ ዮሴፍ በሰሜን ወሎ፥ በላስታ፥ ከላሊበላ ከተማ አጠገብ የሚገኝ ተራራ ነው። ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 4,260 ሜትር ይደርሳል፤ ከአገራችን ረጃጅም ተራሮችም አንዱ ነው። (ስለ ተራራ ቁመት ሲነገር ቁጥር ሁሉ እንደማይጸና ማወቅ ያስፈልጋል። በትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ብለን በቃላችን ያጠናነው ራስ ደጀን ኋላ በተደረገው ልኬት ወደ 4,550 ሜትር ግድም ወርዷል፤ የተሻለው መለኪያው ነው እንጂ ተራራውስ አላጠረም።) ከግራና የሚነሣ መንገደኛ ወደ ወልድያ ሄዶ፥ ከዚያ በድልብ አድርጎ ዳገቱን ወጥቶ ጋሸና ይደርስና ወደ ላሊበላ ይታጠፋል። ከላሊበላ በኋላ ያለው የእግር ነገር ነው። ከከተማይቱ በላይ፥ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ፥ ከአለት የተፈለፈለችው አሸተን ማርያም ትገኛለች፤ በንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ዘመን እንደ ተሠራች ይነገራል። የውጭ አገር ጐብኚዎች ብዙውን ጊዜ እዚያ ደርሰው ትንፋሻቸው ሲያጥር «ተራራውን ወጣን» ብለው ይመለሳሉ። ተራራው ግን ከአሸተን በኋላ ገና ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ይቀረዋል።

ከፍታ ምን እንደሚያደርግ ለልጆች በሒሳብ ማስረዳት ይቻላል። በየ1,000 ሜትሩ ሽቅብ በወጣን ቍጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። የሐብሩ ቆላ ወደ 1,500 ሜትር ግድም ነው ብንል፥ ከዚህ እስከ አቡነ ዮሴፍ ጫፍ ድረስ ያለው ልዩነት ከ16 ዲግሪ አያንስም። እኛ ዘንድ ጧት በነጠላ ብቻ የሚወጣ ሰው እዚያ ቢደርስ ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። የአየሩ ግፊትም በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 60 እጅ ያህል ብቻ ስለሚሆን ትንፋሽ ያጥራል፥ ራስ ይከብዳል። ውሃም በ100 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ በ86 ዲግሪ ግድም ይፈላል። እናቶች ይህን ቢሰሙ ወዲያው ትርጕሙ ይገባቸዋል፤ ድስቱ እየፈላ ባቄላው አይበስልም፥ እሳቱም ብዙ ማገዶ ይበላል። ማገዶ በሌለበት አገር ማገዶ የሚበላ ምግብ መቀቀል ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

ከገብሱ እርሻ በላይ ያለው ዕፅ ሦስት ዓይነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመጀመሪያ አስታ ይገኛል፤ ከታች ዛፍ የነበረው ወደ ላይ በወጣ ቍጥር እያጠረ ቍጥቋጦ ይሆናል። ቀጥሎ ጓሳ የተባለው ሣር አለ። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ግን ጅብራ ነው። ጅብራ ከሩቅ ሲታይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ይመስላል፤ በጉም ውስጥ ያየው መንገደኛ ሰላምታ ለመስጠት ቢቃጣው አያስገርምም። ብዙ ዓመት ሙሉ ቅጠሉን ብቻ እያበዛ ይኖራል፤ ማታ ማታ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ለጋውን እንቡጥ ከውርጩ ይሸፍነዋል፥ ፀሐይ ስትወጣ ይከፍተዋል። ከዚያም አንድ ጊዜ ረጅም የአበባ ግንድ ይሰድና፥ ዘሩን በትኖ ይሞታል። በዕድሜው ሁለተኛ አበባ የለውም። ስለዚህ አንድ እረኛ ገና ያላበበ ጅብራ ቈርጦ ቢያነድድ፥ ከተክሉ ጋራ ሊመጣ የነበረውን ዘር ሁሉ አብሮ አነደደ ማለት ነው።

በዚህ ሣር ውስጥ ከሚኖሩት አራዊት ሁለቱን ብቻ እጠቅሳለሁ። አንደኛው ጭላዳ ነው፤ ሣር እየነጨ የሚኖር፥ በአገራችን ብቻ የሚገኝ የዝንጀሮ ወገን። ሁለተኛው ቀይ ቀበሮ ነው፤ የዚህም ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ወደ እርሱ ያዘነብላል።

ቀይ ቀበሮ ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ፥ ሊቃውንት በደም ምርመራ እንዳረጋገጡት ዝምድናው ከተኵላ ወገን ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ በየትኛውም አገር አይገኝም። በመላው አገራችን የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ናቸው። የቀሩት በአርሲ፥ በመንዝ፥ በወሎ ደጋዎችና በሰሜን ተራሮች ተበታትነው ይኖራሉ። በወሎ ካሉት መኖሪያዎቻቸው አንዱ አቡነ ዮሴፍ ነው። ጠባያቸውም የሚገርም ነው፤ በቤተ ሰብ ተሰብስበው ይኖራሉ፥ ጧትና ማታ እየተገናኙ ይሳሳማሉ፥ ለአደን ሲሄዱ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው። ምግባቸው አይጥ ስለ ሆነ ለአደኑ ጓደኛ አያስፈልጋቸውም። ገበሬው አልፎ አልፎ የበግ ግልገል ነጠቀብኝ ብሎ ይከስሳቸዋል፤ ክሱ አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ገብሱን ከሥር የሚቈርጠውን አይጥ ከማለዳ እስከ ማታ ያለ ደመወዝ የሚያድን አገልጋይ መሆኑም በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

እነዚህ አራዊት በየተራራው ጫፍ ተለያይተው የቀሩበት ምክንያት ይህ ነው። ሊቃውንት እንደሚሉት ዓለም ከዛሬ እጅግ ትቀዘቅዝ በነበረበት በጥንት ዘመን፥ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ የበረዶ ግግር ነበረ፤ የውርጩም ምድር ወደ ታች ወርዶ ሰፍቶ ነበር። በኋላ አየሩ ሲሞቅ ውርጩ ወደ ላይ ሸሸ፤ ሣሩም አውሬውም ተከትሎት ወጣ። እነሆ ዛሬ እያንዳንዱ ተራራ በጣና ሐይቅ ውስጥ እንዳለች ደሴት ሆኗል፤ በዙሪያው ያለው ግን ውሃ ሳይሆን እርሻ ነው። በአቡነ ዮሴፍ ያለው ቀይ ቀበሮ ወደ ሌላ ተራራ ለመሻገር ቢፈልግ በመንደሮች፥ በውሾችና በመንገዶች መካከል ማለፍ አለበት። ከደሴቱ ላይ የጠፋ አውሬ ተመልሶ አይመጣም። በጐጃም በጮቄ ተራራ ቀይ ቀበሮ ይኖር ነበር፤ ዛሬ የለም።

ደሴቱም ራሱ እየጠበበ ነው። የሕዝቡ ቍጥር ሲጨምር፥ ከታች ያለው መሬት በልጅና በልጅ ልጅ ሲከፋፈል፥ አዲስ ጐጆ የወጣው ጐልማሳ የሚቀረው ወደ ላይ መመልከት ነው። ገብስ ዛሬ ከ3,500 ሜትር በላይ ይዘራል። አየሩም እየሞቀ በመሄዱ ትናንት ውርጭ የሚመታው ቦታ ዛሬ ፍሬ ይሰጣልና ማረሻው ይደፍራል። እኔ ይህን ገበሬ ስግብግብ ብዬ ልወቅሰው አልችልም፤ የሚያርሰው ልጆቹን ሊያበላ ነው። ነገር ግን በዚያ ቁልቁለት ላይ ያለው አፈር ስስ ነው፤ ጓሳው ከተነቀለ በኋላ ጥቂት ክረምት ሲያልፍበት ድንጋዩ ይገጥጣል፥ ገበሬውም ያን ትቶ ከዚያ በላይ ይወጣል። ጓሳውንም ገብሱንም ያጣ ምድር ይቀራል።

ከእርሻው የሚከፋ ሌላ አደጋ ደግሞ አለ፤ ይኸውም ውሻ ነው። እረኛው ወደ ተራራው ሲወጣ ውሻው ይከተለዋል። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት እንደ ሆነ ከቀይ ቀበሮው ጋራ ሲገናኝ ያስተላልፍበታል፤ እርሱም ሲመለስ በቤተ ሰቡ መካከል መሳሳም አለና ሁሉም ይያያዛሉ። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2003 ከዚህ በሽታ የተነሣ ብዙ ቀይ ቀበሮ አልቋል። ከዚያ ወዲህ በዚያ አካባቢ ውሾችን መከተብ ተለመደ፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮም ለቀይ ቀበሮዎቹ ለራሳቸው በሥጋ ውስጥ ተደብቆ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል። ባሌ ሰፊ ስለ ሆነ ከደረሰበት ጉዳት ሊያገግም ቻለ። እንደ አቡነ ዮሴፍ ባለ ትንሽ ደሴት ላይ ግን አንድ የታመመ ውሻ በአንድ ወር ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት ሁሉን ሊጨርስ ይችላል። መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም፤ ውሻ ማስከተብ ነው። ይህም ለቀበሮው ብቻ ሳይሆን ለእረኛው ልጅም ሕይወት ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ማን ይጠብቀዋል? «ሕግ ይጠብቀዋል» የሚል ይኖራል። የሰሜን ተራሮች ታሪክ ለዚህ ይመሰክራል። ሰሜን በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ከዓለም ሁሉ 12 ሥፍራዎች ብቻ ገቡ፤ ከእነርሱም ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፥ ሁለተኛው የሰሜን ተራሮች። የአለቱ ሕንጻና የዱሩ ተራራ በአንድ ጊዜ፥ በአንድ መዝገብ ተጻፉ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሰሜን በ1996 ከእርሻውና ከከብቱ ብዛት የተነሣ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋራ ተቈጠረ፤ ከዚያም ዝርዝር የወጣው በ2017 ነው። ከመውጣቱ በፊት በፓርኩ እምብርት የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ተነሥቶ ወደ ደባርቅ እንዲሰፍር ተደርጓል። ዋልያውና ሣሩ በዚህ እፎይ ማለታቸውን አልክድም። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ገብስ አርሶ በግ አርብቶ የኖረ አባወራ ከተማ ገብቶ በምን እንደሚተዳደር ማሰብ ከተራራው ጥበቃ የሚለይ ጉዳይ ሆኖ አይታየኝም።

ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳየን የመንዝ ጓሳ ነው፤ በዚህም ላይ ጥቂት እንድንቈይ እወዳለሁ። በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ ጌራ ምድር፥ ጓሳ የበዛበት ሰፊ የውርጭ ምድር አለ። የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ይጠብቀው ነበር። የምድሩ ባለ መብቶች የጌራና የአስቦ ወገኖች ሲሆኑ፥ እየመረጡ አለቃ ይሾሙበታል፤ የጥበቃውም ሥራ በየአጥቢያው ተከፋፍሎ ይሠራ ነበር። ጓሳው ሦስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማጭድ ማስገባት፥ ከብት ማሰማራት ክልክል ነው፤ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። ሣሩ መድረሱ ሲታወቅ በበጋው ወራት እንዲከፈት ይወሰናል፤ በተወሰነው ቀን ሕዝቡ በአንድነት ወጥቶ ያጭዳል። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ በሐምሌ 5 ቀን፥ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፥ ሁሉም ከጓሳው ይወጣል።

ይህን ቀን ልብ በሉ። የተራራውን መዝጊያ ከቤተ ክርስቲያን በዓል ጋራ ያያያዙት ሰዎች፥ ማንም «አልሰማሁም» ሊል የማይችለውን ቀን መርጠዋል። ደብዳቤ መጻፍ፥ አዋጅ ማስነገር አላስፈለጋቸውም፤ ጾሙን የጾመ ሁሉ ፍቺውን ያውቀዋል። የሚያገኙትም ጥቅም የታወቀ ነበር፤ የቤት ክዳን፥ ገመድ፥ እረኛው በዝናብ የሚለብሰው ገሳ፥ ሁሉም ከጓሳው ይወጣል። የቤተ ክርስቲያን ጣሪያም በእርሱ ይከደን ነበር።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት ነው ተብሎ ሲታወጅ፥ የጌራና የአስቦ የርስት መብት ከሌላው ርስት ጋራ ተሻረ፤ ቄሮውም አብሮ ፈረሰ። የአዋጁ ዓላማ ጭሰኛውን ከባላባት ቀንበር ማላቀቅ ነበርና ስለ ሣር ጥበቃ ያሰበበት ሰው አልነበረም ይሆናል። ሆኖም ጠባቂው በመሻሩ ጓሳው ለመጣ ሁሉ ተከፈተ። በኋላ የአገሩ ሕዝብ ነገሩን መልሶ አሰበበት፤ ኮሚቴ አቋቁሞ፥ መተዳደሪያ ደንብ ጽፎ ጥበቃውን አደሰው፤ ክልሉም የኅብረተሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ አጸደቀለት። ቀይ ቀበሮው ዛሬም በዚያ አለ።

አቡነ ዮሴፍም በዚሁ ዓይነት፥ ከዙሪያው ካሉት ከፍተኛ ቦታዎች ጋራ፥ የኅብረተሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተከልሏል። ሰው ከመንደሩ አልተነሣም፤ ጥበቃው የተጣለው በዙሪያው በሚኖሩት ገበሬዎች ላይ ነው። ከዚህ ጋራ ተያይዞ በላስታ ተራሮች ገበሬዎቹ የእንግዳ ማረፊያ ጐጆዎች ሠርተው ከመንገደኛ ገቢ ማግኘት ጀምረው ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲመጣ፥ ከዚያም በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ላሊበላንና ወልድያን፥ የእኛንም ሐብሩ ሲያዳርስ፥ እንግዳው ቀረ። ገቢው በቀረ ጊዜ ሣሩን ያላረሰ ገበሬ ምን ያህል እንደ ታገሠ ለመገመት የሚከብድ አይደለም። ስለ ጥበቃ የሚጻፉ ወረቀቶች ይህን ትዕግሥት በሒሳብ ውስጥ ሲያስገቡት አላይም፤ ክፍያም አይታሰብለትም።

ላስታ ለዚህ ሥራ ከመንዝ ያነሰ ቅርስ የለውም። በዚሁ ተራራ ተዳፋት፥ በዋሻ ውስጥ፥ ከላሊበላ በፊት የነገሠው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ በድንጋይና በእንጨት ተደራርቦ የታነጸ ድንቅ ሕንጻ ነው። በዙሪያው ያሉት ታላላቅ የጽድ ዛፎች ዙሪያ ገባው ሁሉ ሲራቈት ሳይቈረጡ ቈይተዋል። ጥበቃው ግን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና አካባቢ የቆመ ነው፤ ወደ ጓሳውና ወደ ጅብራው አልዘለቀም። እዚያ ላይ ማገዶ የሚለቅም ሕፃን ከጽዱ እጁን ይሰበስባል፥ ጅብራውን ግን ያለ ሥጋት ይቈርጣል። በመንዝ በዓሉ የደረሰበት ቦታ በላስታ ገና ነው ማለት ነው።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዱ «የአቡነ ዮሴፍ ውሃ ወደ ግራና አይወርድ፤ እኛን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። የጂኦግራፊው ነገር ትክክል ነው። በአቡነ ዮሴፍ ላይ የዘነበው ዝናብ ወደ ተከዜ ገብቶ፥ በአትባራ በኩል ከዓባይ ተቀላቅሎ እስከ ሜዲትራኒያን ይሄዳል። በእኛ ላይ ያለው የምሥራቁ ገደል ውሃ ግን ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ ባሕር የሚያየው የለም። ነገር ግን ሕጉ አንድ ነው። የቆቦና የግራና ሸለቆ መስኖ የሚቀዳው የከርሰ ምድር ውሃ ከምዕራብ ካሉት ከፍተኛ ተራሮች ሰርጎ የመጣ ነው። በሣር በተሸፈነ ተዳፋት ላይ የወደቀ ዝናብ ቀስ ብሎ ይሰርጋል፥ በበጋም ከጕድጓድ ይገኛል፤ በተራቈተው ላይ የወደቀ በአንድ ሰዓት ጎርፍ ሆኖ ይመጣና ሽንኩርቱን ከነአፈሩ ጠርጎ ይሄዳል። በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ሲሞላ የውሃውን ቀለም ያየ ሰው ከላይ የታረሰው መሬት ምን ዓይነት እንደ ሆነ፥ ቀይ ይሁን ጥቁር፥ ሳይወጣ ያውቀዋል።

ወደ አቡነ ዮሴፍ ለመውጣት የሚፈልግ ካለ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ቢሄድ መንገዱ ይደርቅለታል፤ ሌሊቱ ግን የሚከብደው ያን ጊዜ ነው። ከላሊበላ የአገሩን መንገድ የሚያውቅ ሰውና በቅሎ ይያዝ። የመጀመሪያውን ቀን አሸተን ድረስ ብቻ ሄዶ ቢያርፍ ሰውነቱ አየሩን ይለምዳል፤ ራሱን ካመመውም ሳያፍር ወደ ታች ይውረድ። በሶ ይሰንቅ፤ እዚያ ለባቄላ የሚሆን እሳት የለም። ቀይ ቀበሮውን ለማየት ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ጓሳው ዳር ዝም ብሎ መቀመጥ ይበጃል። ውሻ ያለው ሰው ውሻውን ቤቱ ትቶት ይሂድ።